በሕይወት ላለ ወንድሜ የተተከለ ድንኳን

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝኩም። ከአንድ ትሪ አብራኝ ለምትበላው ለእትዬ አስካለ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ደግሞ እኔን የሚያውቅ ያውቀኛል፤ ወሬ የማይቋጠርልኝ ሴት ነኝ። ከባልትና ሱቄ ሽሮ ሊገዛ የገባ ሰው አንድ ታሪክ ሳይመረቅለት አይወጣም። ይህን አንዱን ግን ውጬው ዓመታት ኖርኩ። ዛሬ ልተፋው ነው። እናንተን የምታነቡትን እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬ ነው የምጽፈው፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል ብዬ።

እኔ ዘነበች በሕይወት ያለ ወንድሜን ገድያለሁ። የገደልኩት በአፌ ነው። ሞተ አልኩ። ድንኳን አስተከልኩ፤ ጎረቤት አስለቀስኩ፤ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ወልዴ በዚያን ሰዓት ከሚዛን ከተማ ማዶ ባለው ማሳው ውስጥ ቡናውን እየለቀመ ነበር።

ለምን? ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ እንዲህ ያለ ሟርት ለምን ያሟርታል? ለውርስ ነው? ለቂም ነው? ለኮንዶሚኒየም ማኅበር ነው። ሳቁ፤ ግድ የለም። ሌላ ሰው አደረገው ሲባል ብሰማ እኔም እስቅ ነበር።

ብሎካችን ያለው አያት ነው። ዕጣው ወጥቶልን ስንገባ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነበር። በር የገጠምነው፣ ወለል ያነጠፍነው፣ መሰላል የተዋዋስነው አብረን ነው። የመጀመሪያው ኮሚቴም ጎበዝ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ከረባት ሳያስር ስብሰባ አይወጣም። ምን ያደርጋል፣ ሊቀ መንበሩ ቤቱን አከራይቶ ሄደ። ገንዘብ ያዧ ባሏን ተከትላ ውጭ አገር ገባች። ጸሐፊው እዚሁ ከላያችን ይኖራል፤ ደረጃ ላይ ሲያገኘን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም" እያለ ያልፋል። ማንም አልደወለለትም።

ማኅበሩ ፈረሰ ያለ ሰው የለም። ቢፈርስማ ሌላ እናቋቁም ነበር። ስሙ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ሰው የለም። እንዲሁ ቆሞ ቀረ። የውሃው ፓምፕ ተቃጠለና ውሃ ከምድር ቤት በላይ አልወጣ አለ። የደረጃው አምፖል እየጠፋ እየጠፋ ሄዶ በቀን እንኳ ግድግዳ እየዳበስን መውጣት ጀመርን። ከሁሉ የከፋው፣ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኖ መግቢያው ላይ ገነፈለ። ድንጋይ ደርድረን እየዘለልን እንገባለን። የሚገነፍለው ደግሞ የሱቄ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ለሕዝብ ብዬ ብቻ ነው የተነሳሁት ብዬ ብነግራችሁ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ወረዳ ሄድኩ። ሄድኩ ብል ቃሉ አይበቃም፤ ተመላለስኩ። እዚያ ሚኪያስ የሚባል ትሁት ልጅ አለ። "እትዬ ዘነበች፣ ኮሚቴው ከጠፋ ባለቤቶቹ ራሳችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ አዲስ መምረጥ ትችላላችሁ። ከግማሽ በላይ ይገኙልኝ እንጂ እኔ መጥቼ እታዘባለሁ" አለኝ። ከግማሽ በላይ! ልጁ ቀላል ነገር የነገረኝ መስሎታል።

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፤ ሁሉም አውራ ጣት ላከልኝ። በየቤቱ አንኳኳሁ። ግማሾቹ ባለቤቶች ቤታቸውን አከራይተው ገርጂና ሰሚት ነው የሚኖሩት፤ "እኔ እዚያ አልኖርም" ይሉኛል። ተከራዮቹ "ቤቱ የኛ አይደለም" ይሉኛል። የሚኖረው ባለቤት ደግሞ "ሌላው ሳይመጣ እኔ ብቻዬን ምን ልፈጥር?" ይላል። በቀጠሮው ቀን ወንበር ደርድሬ ጠበቅኩ። የመጡት አንድ ታክሲ የሚሞሉ ናቸው፤ ከነሱም ውስጥ ሁለቱ ዝናብ እስኪያባራ የተጠለሉ ነበሩ። ሚኪያስ ሰዓቱን አይቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ደግሜ ጠራሁ። ባሰ።

በዚህ መሃል እትዬ አስካለ ወደቀች። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ጡረተኛ ናት፤ ውሃ በጀሪካን ይዛ በጨለማው ደረጃ ስትወጣ ድንጋይ ነው ብላ የረገጠችው አየር ሆነ። ዳሌዋ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ተመልሳ ስትተኛ ልጠይቃት ብወጣ መግቢያ አጣሁ። ለስብሰባ አንድም ቀን ብቅ ያላሉት ሁሉ እዚያ ናቸው! ከገርጂ የመጣ አለ። ከሰሚት የመጣ አለ። የሸሸን ጸሐፊ ብርቱካን ልጦ ሊያጎርሳት ይለማመጣታል። "ማኅበሩ ቢኖር እኮ አትወድቅም ነበር" አልኩ ጮክ ብዬ። አንዷ ጎሸመችኝ፤ "እንዴ ዘነበች! በታመመ ሰው ፊት ስለ ቱቦ ይወራል?" አለችኝ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተቀምጦ፣ "እግዜር ይማርሽ" ብሎ፣ ድንጋዩን ዘሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ሰው ለጉዳይ አይመጣም፤ ለሐዘን ይመጣል። ለስብሰባ ጊዜ የለውም፤ ለለቅሶ ግን ሥራውን ጥሎ ያመሻል። ለታመመ ሰው ተቀምጦ ይነሳል። ለሞተ ሰው ግን ድንኳን ገብቶ ይቆያል። ይህን ማወቄ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቴ ያወቅኩትን ይዤ ያደረግኩት ነው።

የእኔ የቅርብ ዘመድ ወልዴ ብቻ ነው። ባሌ አርፏል፤ ልጅ አልሰጠኝም። የቡታጅራ ልጆች ነን፤ ወልዴ ታላቄ ነው። እናታችን ስትሞት ፀጉሬን ይሠራልኝ የነበረው እሱ ነው፤ ወንድ ልጅ ሹሩባ ይሠራል ብለው እኩዮቹ ሲስቁበት እያየ፣ ጣቱ እየተወላገደ፣ ቅቤ እየቀባ። ይህን ሰው ነው የመረጥኩት። ለምን እሱን? ሩቅ ስለሆነ። ጎረቤት በስም እንጂ በመልክ ስለማያውቀው። ከሚዛን ማዶ ድረስ ሄዶ ሬሳውን አሳዪኝ የሚለኝ ስለሌለ። አያችሁ? ተናድጄ ወይ ተሳስቼ አይደለም። አስቤ፣ አውጥቼ አውርጄ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ከድር የመለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ እድር ነው ያለን፣ ዳኛው እሳቸው ናቸው። "ጋሽ ከድር፣ ወንድሜ… ወልዴ…" ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ጨረሱልኝ። "ኢናሊላሂ! መቼ?" ብለው ቆባቸውን አወለቁ።

ያኔ "ታሟል" ብዬ መመለስ እችል ነበር። በር ላይ ነበርኩ፤ ማንም አልሰማም ነበር። እኔ ግን "ተቀብሯል አሉኝ" አልኩ። በራሴ ምላስ። ይህች ቃል ናት ኃጢአቴ፤ የቀረው ሁሉ የሷ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አልነበረብኝም። ድንኳኑ ተተከለ። ወንበሩ መጣ። ሴቶቹ ቤቴን ገብተው ድስቴን ወሰዱ። ጋሽ ከድር ራሳቸው አግዳሚ ተሸክመው ሲመጡ አየሁ፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። "የልጆቹን ስልክ ስጪንና እናጽናናቸው" ሲሉኝ "ኔትወርክ የለም" አልኩ። የእድሩን ገንዘብ አልነካሁም፤ "ለማኅበራችን ይቀመጥ" ብዬ መለስኩ፤ ይህን ግን እንደ ጽድቅ አልቆጥረውም። ማልቀስ የጀመርኩት በውሸት ነበር። ሹሩባዬ ትዝ አለኝና መሃል ላይ እውነት ሆነ። የሰው ሰው አቅፎኝ ሲያለቅስ እኔ በሕይወት ላለ ወንድሜ የእውነቴን አለቀስኩ።

ዛሬም ድረስ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን ጎረምሶች እትዬ አስካለን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ በዚያ ጨለማ ደረጃ፣ በስልክ መብራት እያዩ አወረዷት። በየደረጃው ታቃስታለች። "ዘኑ ብቻዋን አታለቅስም" ብላ ነው። እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ምን አደረግኩ? እጇን ያዝኩ። ማልቀሴን ቀጠልኩ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ያለ ከረባት መጥቷል። ስለ ማኅበሩ ልናገር ያቀድኩት ያን ቀን ነበር። ለዚህ ብዬ የሰው እንባ አፍስሼ መናገር አቃተኝ! እንግዲህ ሳቅና ለቅሶ እንዴት እንደሚገናኙ ስሙ። ደጅ ስጠና ስለለመደኝ ነው መሰል ሚኪያስም ለቅሶ መጣ። "እግዜር ያጽናዎት" አለኝና ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ በጆሮዬ፣ ፈርቶ፣ "እትዬ ዘነበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይሄ እኮ ምልአተ ጉባኤ ነው" አለኝ።

ተነሳሁ። ነጠላዬን እንደዘቀዘቅኩ ተነሳሁና ሁለተኛውን ውሸት ዋሸሁ። "ወልዴ ሲሞት 'ጎረቤትሽን ይዘሽ ቤትሽን አቁሚ' ብሎ ላከብኝ" አልኩ። የሕያው ሰው ኑዛዜ ፈጠርኩ። ጋሽ ከድር "የሞተ ሰው ቃል መሬት አይወድቅም" አሉ። ሲሸሸን የኖረው ጸሐፊ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ ወጣና ማኅተሙን ከቤቱ ይዞ መጣ። ሚኪያስ ታዘበ። በለቅሶ ቤት ይጨበጨባል? አይጨበጨብም። ስለዚህ ስም ሲጠራ ሁሉም "አሜን" አለ። የኛ ኮሚቴ የተመረጠው በአሜን ነው። ሊቀ መንበር ሲባል እትዬ አስካለ ከወንበሯ ላይ "ዘነበች" አለች፤ ድንኳኑ "አሜን" አለ።

አሁን ልኩራ ነው፤ አትከልክሉኝ። ፓምፑ ተሠራ። ውሃ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ እትዬ አስካለ ቧንቧዋን ከፍታ ስትስቅ ከታች ሰማናት። ቱቦው ተቆፈረ፤ ከውስጡ የወጣውን ነገር ባልጽፈው ይሻላል። ደረጃው መብራት አገኘ። አሮጌው ድንጋይ የነበረበት ቦታ ጽጌረዳ ተክለንበታል። ተከራይም በስብሰባ ይናገራል፤ ቤቱ የባለቤቱ ቢሆንም ደረጃው የወጪ ወራጁ ሁሉ ነው ብዬ ሕግ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ብሎክ "እንዴት አደረጋችሁት?" ብለው እየመጡ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ባለቤቶቹን በየሰፈራቸው ፈልጉ፣ ከወረዳ ታዛቢ ለምኑ፣ ለስብሰባው ሰው የማይቀርበትን ቀን ምረጡ እላቸዋለሁ። ድንኳኑን አልነግራቸውም። ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ፊደል ለቅማ የተማረች ባለ ሱቅ፣ ባለ ዲግሪ የተወውን ቤት አቆመች። ይህ እውነት ነው፤ በእውነቱም እኮራለሁ። ኩራቴ ግን ወንድሜ ላይ የተተከለ ነው።

"ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ወልዴ ደወለ። ዓይኑ በሞራ ተጋርዷል፤ አዲስ አበባ መጥቶ ሊታከም ነው። "ካንቺ ዘንድ አርፋለሁ" አለ። የት ያርፋል? በየትኛው በር አስገባዋለሁ? ማን ዘንድ ነው የሚያርፈው፣ ሞቶ! "ቤቱ እድሳት ላይ ነው" አልኩት። መገናኛ አካባቢ ፔንሲዮን ያዝኩለት። ማርና ኮረሪማ ይዞ መጥቶ ነበር፤ "ለጎረቤቶችሽ ስጪልኝ፤ ሲያኖሩሽ ኖረዋል" አለኝ።

ዓይኑ ታክሞ በታሰረበት ሰሞን ጎረቤቶቼ የወልዴን ሙት ዓመት አስታወሱ። እኔ ረስቼው ነበር፤ እነሱ ግን አልረሱም። ዝክሩ የተዘከረው ቤቴ ነው። የወልዴን ማር አቀረብኩ። ምን አባቴ ላቅርብ? እየቀመሱ "ነፍስ ይማር" አሉ። "ይህን የመሰለ ማር ከየት አገኘሽ?" አሉኝ። "ከሰው" አልኩ። ከዚያ በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ወደ መገናኛ ወረድኩና የሙት ዓመቱን ምግብ ራሱን ለወልዴ አጎረስኩት። ዓይኑ ታስሮ ነበር። አላየኝም። "ጣፈጠ፤ ማን ሠራው?" አለኝ።

ማሰሪያው ሲፈታለት ያለኝ ነገር አንድ ነው። "ቤትሽን አሳይኝ።" በባቡር አያት ወሰድኩት። ጣቢያው ላይ ቆመን በእጄ ጠቆምኩ፤ "ያኛው ነው፤ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ለዓይንህ አይሆንም" አልኩ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ብዙ አየ። "ያምራል" አለ። እንሂድ አላለም። ለምን አላለም፤ አትጠይቁኝ። በሚቀጥለው ባቡር ተመለስን። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል "ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ደስ ብሎኛል" አለኝ። ደስ ያለው ሰው እንደዚያ አይልም። በየሳምንቱ ይደውል የነበረ ሰው ከዚያ ወዲህ በዓል በዓል ብቻ ይደውላል።

ዘንድሮ ለመስቀል ደወለ። ድምፁን ስሰማ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። "ወልዴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" ብዬ ከቱቦው ጀምሬ እስከ ማሩ ድረስ ሳላቋርጥ ነገርኩት። ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል።

"ስንት ሰው አለቀሰልኝ?" አለ በመጨረሻ።

"ብሎኩ በሙሉ።"

"ከብሎኩ ውጭስ?"

"ከወረዳም መጥተው ነበር።"

"በይ እንግዲህ! እዚህ ብሞት ከወረዳ የሚመጣ ያለም አይመስለኝ" ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። "እኔ እኮ ዘኑ፣ ያን ጊዜ ቤትሽ ያላስገባሽኝ ባረጀው ጫማዬ ነው ብዬ ነበር። ጫማዬን አይተሽ ከጎረቤት ፊት ያፈርሽብኝ መስሎኝ። ያን ጫማ ከዚያ ወዲህ አድርጌው አላውቅም።"

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴን በሙሉ ቁመቱ ያየሁት። ሞተ ማለቴ አይደለም የገደለው። ከጣቢያ ላይ መጠቆሜ ነው። ፀጉሬን የሠራ እጅ ግንባሩ ላይ ሆኖ ቤቴን ከሩቅ እንዲያይ ማድረጌ ነው። አንድ ጫማ አውልቆ እንዲጥል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማኅበሩ አይደለም፣ ቱቦው አይደለም፣ ያልመጡት ባለቤቶች አይደሉም። እኔ ነኝ።

"ማረኝ" አልኩት።

"ከምታፍሪብኝስ መግደልሽ ይሻላል" አለ። "እመጣለሁ። ግን አንቺ አታስገቢኝም። ያለቀሱልኝ ሰዎች ያስገቡኝ።"

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ዛሬ ዛሬ ድንኳን ሳይተከል ሰው ይሞላል፤ ይህንንም በኩራት ነው የምጽፈው። ጋሽ ከድር ቀድመው ይመጣሉ። እትዬ አስካለ በከዘራዋ በራሷ እግር ትወርዳለች። ስለ ሠራሁት ቤት ይቅርታ አልጠይቅም፤ ቤቱ ንጹሕ ነው። ስላስለቀስኳቸው ግን ማሩኝ የምለው ለነሱ ነው፤ መማርም አለመማርም የነሱ ነው፤ ሊቀ መንበርነቱንም ቢነጥቁኝ አሜን ብዬ እቀበላለሁ። ለራሴ የምለምንበት ቃል የለኝም። ስለ ማኅበሩ ብዬ ነው አልልም።

ወልዴ ቅዳሜ አዲስ አበባ ገብቶ መገናኛ ያድራል። እሑድ ረፋድ ላይ ክንዱን ይዤ ከዋናው በር ውጭ እቆማለሁ። የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አላወጣውም። አንኳኩተን እንጠብቃለን።